ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ የተኛው ሰው

ሟቹ በቀኝ ጎኑ ተኝቷል። ቀኝ መዳፉ ከጉንጩ ሥር ገብቷል። ዓይኖቹ ተከድነዋል። ፊቱ ወደ ባሕሩ ነው።

መኪና የሄደበት ሰው እንዲህ አይተኛም። ደክሞት ጋደም ያለ ነው የሚመስለው።

ቱሙሲሜ ግን ይህን አላሰበም። ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰው ገደልኩ።  የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። አሸዋው ጆሮውን ይገርፈዋል።

"ዴሬ፣ ተመልሰህ ግባ" አለው አብሮት የነበረው ዋርሳሜ።

"ይተነፍስ ይሆናል። ልየው።"

"አይተነፍስም። አይቼዋለሁ። አንተ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ። ዘመዶቹ እዚህ ከደረሱብህ አንተንም አጠገቡ ያጋድሙሃል።"

"አንተስ?"

"ሬሳ ብቻውን አይተውም። እቆያለሁ። ሂድ አልኩህ።"

ሄደ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲመለከት፣ ዋርሳሜ ከሟቹ ራስጌ ቁጢጥ ብሎ ፎጣውን ሲያለብሰው አየ። ከዚያ አቧራው ሁለቱንም ዋጣቸው።

ቱሙሲሜ ኡጋንዳዊ ነው። የበርበራን የውሃ ፓምፕ ሊጠግን መጥቶ ሁለት ዓመት ቆይቷል። በርበራ ላይ ቅጽል የሌለው ሰው የለም፤ ለሱ የደረሰው "ዴሬ" ነው፣ ረጅሙ ማለት። ዋርሳሜ ደግሞ አባኑ ነው። እንግዳ ያለ አባን አይኖርም። ቢጣላ የሚያስታርቀው፣ ቢከሰስ የሚቆምለት፣ ቢሞት አፈር የሚያለብሰው፣ ባጭሩ በሰው አገር ዘር የሚሆነው አባኑ ነው። ሁለቱ በየማለዳው አብረው ወደ ፓምፑ ይሄዳሉ። በሐምሌ በዚያ መንገድ ከነሱ በቀር የሚሄድ መኪና የለም።

በሐምሌ ከተማዋ ራሷ የለችም ማለት ይቻላል። አቅም ያለው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ሼክ ተራራ ወጥቷል። የቀረው ድሃ፣ ፖሊስና ፍየል ነው። ከተራራው የሚመጣው ነፋስ ማታ ይነሣና እስከ ቀትር አያርፍም። ባዶ ቤቶችን እየዞረ በር ያንቀጫቅጫል። መንገድ ላይ የአሸዋ ጉብታ ይከምራል። ቱሙሲሜ ያን ጠዋት ከነዚህ ጉብታዎች አንዱን በግራ ዞሮ ሊያልፍ ሲል ነው ከእግሩ ሥር ዱብ ያለው።

ኢንስፔክተር ኡባህ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ስትደርስ ዋርሳሜ ከተቀመጠበት አልተነሣም ነበር። ጢሙ በአሸዋ ነጥቷል።

ኡባህ አርባ ዓመቷ ነው። ልጆቿ ከእናቷ ጋር ሼክ ተራራ ናቸው። መፋቂያ ከአፏ አይለይም፤ ሰው ሲዋሻት ማኘክ ታቆማለች ይባላል። ፎጣውን ገለጠችና የሟቹን ፊት አየች።

"ሮብሌ ነው" አለች።

ሁሉም ያውቀዋል። ሮብሌ የሸሹትን ሰዎች ቤት የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ቁልፋቸውን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከባዶ ቤት ወደ ባዶ ቤት ሲዞር ነው የሚያድረው።

"ማነው እንዲህ ያስተኛው?"

"እኔ ነኝ" አለ ዋርሳሜ ወደ ባሕሩ፣ ወደ መካ አቅጣጫ እየጠቆመ። "ወደ ቂብላ አዞርኩት። ዓይኑን ከደንኩለት። እንደ ውሻ ተዘርግቶ ልተወው?"

"አላህ ይስጥህ። አንሡት።"

ሁለቱ ፖሊሶች አነሡት። ከዚያ አንደኛው ቢስሚላህ ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሬሳውን ሊጥለው ምንም አልቀረውም።

መንገዱ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ ለብሷል። ሮብሌ የነበረበት ቦታ ግን ጥቁር አስፋልት ነው። ንጹሕ፣ የተጠረገ የሚመስል አስፋልት። ጉልበቱ አጠፍ ያለ፣ ክንዱ ወደ ጉንጩ የተሰበሰበ፣ ፊቱ ወደ ባሕሩ የዞረ ጥቁር ሰው መንገዱ ላይ ቀርቷል። ባለቤቱ ተነሥቶ ሄዶ ጥላው የቀረ ይመስላል።

ኡባህ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። እስክታወጣ እግሩ ጠፋ። ካሜራውን እስክትከፍት ደረቱ ላይ አሸዋ ሮጠበት። ጭንቅላቱ ከሁሉ የቆየው ነበር። ከዚያ እሱም ተሸፈነና እንደ ሌላው መንገድ ሆነ።

"ምንድን ነው ያየነው?" አለ ፖሊሱ።

"አሸዋ" አለች ኡባህ። ዋርሳሜ ጀርባውን ሰጥቶ የሬሳውን እግር መኪናው ላይ እያስተካከለ ነበር። ምንም አልጠየቀችውም።

ጣቢያው ግቢ ውስጥ የቱሙሲሜ መኪና ቆሟል። ኡባህ ዞረችው። የግራው የፊት መብራት ተሰብሯል። ከመብራቱ በላይ ኮፈኑ ተጎድጉዷል። ሄዳ ከጉድጓዱ አጠገብ ቆመች። ዳሌዋ ላይ ደረሰ።

ቱሙሲሜ እጁን ጭኖቹ መሐል አድርጎ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ያለው ሻይ ቀዝቅዟል።

"ጠጥተሃል?"

"አልጠጣም።"

"ኡጋንዳዊ ሆነህ?"

"ኡጋንዳዊ ሆኜ።"

"ትሮጥ ነበር?"

"ኧረ በአቧራ ምን ሩጫ አለ። በእግር እንደመሄድ ነበር።"

"ስትገጨው ምን ተሰማህ?"

"ዱብ አለ። ከሥር። መጀመሪያ በፊት ጎማ፣ ቀጥሎ በኋላ ጎማ።" የጫማውን ሶል አሳያት። "እስካሁን እዚህ ጋ ይሰማኛል። እግሬን መሬት ላይ ማሳረፍ አልቻልኩም።"

"ከፊት የመታህ ነገር የለም? መብራቱ ጋ፣ ኮፈኑ ጋ?"

"የለም። ከሥር ብቻ ነው።"

"ስትወርድ ምን አየህ?"

"የተኛ ሰው።"

"እንዴት የተኛ?"

ቱሙሲሜ ራሱን ዘንበል አድርጎ መዳፉን ጉንጩ ሥር አስገባ። "እንዲህ። ወደ ባሕሩ።"

"ከማዞሩ በፊት ነው ወይስ ካዞረው በኋላ?"

"ማን? ማንም አልነካውም። ስወርድ እንዲሁ ነበር።"

ኡባህ ማኘኳን አቆመች። ያቆመችው ግን በሱ ውሸት አልነበረም።

ያን ጊዜ በሩ ተከፍቶ ሐጂ ቢሌ ገቡ። የሮብሌ ጎሣ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ዋርሳሜ በእጁ አዲስ ሻይና ላሖ የሚሉትን ትኩስ እንጀራ ይዞ ገባ። ለቱሙሲሜ አቀረበለት። አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ያዘው።

እዚህ ላይ ስለ ሁለት ጎሣዎች መናገር አለብኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ብጽፍ ነገ ሻይ የሚሸጥልኝ አላገኝም። አንደኛው የሮብሌ ነው፣ ሁለተኛው የዋርሳሜ። በአንድ ጉድጓድ ውሃ የተጀመረ ጠብ ለዓመታት ሲያጋድላቸው ኖሮ፣ ዘንድሮ ነው በቁርኣን ምለው የታረቁት። በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም። ያን ቀን ግን ተስማሙ። እንግዳው ይመን፣ ነገሩ ይለቅ።

"ልጄ ኡባህ" አሉ ሐጂ ቢሌ፣ "እንግዳ ነው። አውቆ አላደረገውም። የቀትር በኋላው የአሱር ሶላት ሲያበቃ፣ ሸንጎ በሚቀመጥበት ዛፍ ሥር፣ ሰው በተሰበሰበበት 'ገድያለሁ' ይበል። ካሣውን የቀጠረው ድርጅት ይስጥ። ከዚያ ወደ አገሩ ይሸኝ። ማንም ፀጉሩን አይነካውም።"

"ባያምንስ?"

"ለምን አያምንም? ገደለ እኮ።"

"ዴሬ፣ ስማኝ" አለ ዋርሳሜ በለሆሳስ። "ባታምን ፓስፖርትህ እዚህ ይቀራል፣ አንተም እዚህ ትቀራለህ። እመንና ከልጅህ ጋር ተገናኝ።"

ቱሙሲሜ ራሱን ነቀነቀ። ካገሩ የወጣ ካገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ነው። ግን እሱን ያስጨነቀው ፓስፖርቱ አልነበረም። ከማመኑ በኋላ ያለው ዕድሜ ነው። ቤቱ ገብቶ ልጁን ሲያቅፍ እጁ የማን እጅ እንደሚሆን ነው የሚያስበው። ገዳይ እንዳልሆነ የሚነግረው አንድ ሰው ይፈልግ ነበር። ሁሉም ግን "ነህ" ነው የሚለው፣ ያውም በፍቅር።

"እሺ" አለ። "ከሶላት በኋላ እላለሁ።"

ኡባህ ሐጂውን ወደ ጎን ወሰደቻቸው። ቀብሩ እስከ ሶላቱ ድረስ እንዲቆይላት ለመነቻቸው። ደስ አላላቸውም፤ ሆኖም ፈቀዱ።

መጀመሪያ የጠራችው ሊባን የሚባል ጎረምሳ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ገበያ ላይ ሮብሌ አንገቱን ይዞት ነበር። ከተዘጋ ቤት የአየር ማቀዝቀዣ ሰርቀሃል ብሎ። ሊባን በሕዝብ ፊት "አንተን ነው የማቀዘቅዝህ" ብሎታል። መኪና አለው። ከተማው ሁሉ ገዳይ ቢፈልግ እሱን ነበር የሚመርጠው።

"ሮብሌን ዛትክበት።"

"ተናድጄ ነው።"

"አሁን ሞቷል።"

"ሰምቻለሁ። እኔ ምን አገባኝ?"

"ትናንት ማታ የት ነበርክ?"

"እዚሁ።"

"እዚሁ የት?"

"እዚሁ እናንተ ጋ። ታስሬ።" ሊባን ዘበኛውን ፖሊስ በአገጩ አመለከተ። "ራሱ ሮብሌ ነው እየጎተተ አምጥቶ ያስረከበኝ። ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ ሊመሽ ሲል ነው። 'አሁን ወደ ቤቴ ልሂድ፣ ሚስቴ ትጠብቀኛለች' ብሎ ወጣ። እኔ ጠዋት ነው የተፈታሁት።"

ፖሊሱ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ትናንት ማታ ተረኛ ያልነበረችው ኡባህ፣ "አንተ ደግሞ ይህን ለመናገር ምን ትጠብቃለህ?" አለችው።

"አልጠየቁኝማ" አለ።

ሊባንን አሰናበተችው። እንዲያውም ጠቅሟታል። ሮብሌ ሲመሽ ከጣቢያ ወጥቶ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። ቤቱ በከተማው ጫፍ፣ ከፈረሰው የጨው መጋዘን ማዶ ነው። ሬሳው ከተገኘበት ጉብታ ግን በእግር ሩቅ ነው፣ ያውም በተቃራኒው በኩል።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሙ ኤልሚ ሬሳውን ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝቶታል። ማራገቢያው ቆሟል። መስኮቱ ቢዘጋም አሸዋው በቀጭኑ እየገባ ወለሉ ላይ ይንሸራተታል።

"እግሩ ላይ ጎማ ሄዶበታል" አለ ሐኪሙ። "አጥንቱ ደቅቋል። ግን እይ፣ አልደማም።"

"ምን ማለት ነው?"

"ጎማው ሲሄድበት ሞቶ ነበር ማለት ነው። ቆየት ያለ ሬሳ ነበር።"

ኡባህ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። "ሌላስ?"

"ዳሌው ተሰብሯል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተመቷል። እነዚህ ደምተዋል። ቆሞ ሳለ መኪና መትቶታል፣ ወድቆ ጭንቅላቱ መሬት አግኝቶታል።"

"የሞተው በዚህ ነው?"

ኤልሚ ጎንበስ ብሎ የሟቹን አፍ ከፈተ። ረጅም መቆንጠጫ ላይ ጥጥ ጠቅልሎ ወደ ውስጥ አስገባ። አውጥቶ አሳያት።

ኡባህ ጥጡን አየችው። ከዚያ ወንበር ፈለገች።

"ይህን ለሚስቱ ማን ይነግራታል?" አለ ሐኪሙ።

ወደ ጣቢያ ስትመለስ ነፋሱ ቆሞ ነበር። ነፋሱ ሲቆም በርበራ ይብሳል፤ ሙቀቱ ቁጭ ብሎ ያይሃል። ቱሙሲሜ ላሖውን አልነካም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችው። "መሪህ በስተቀኝ ነው። መንገዱም በቀኝ ነው የሚነዳው። ከጉብታ ጀርባ ያለውን አንተ አታይም።"

"አላይም።"

"ታዲያ በምን አምነህ አለፍክ?"

ቱሙሲሜ ለምን እንደምትጠይቀው አልገባውም። እንደ ተራ ነገር ነው የመለሰው። "በዋርሳሜ ነዋ። እሱ በግራ ነው የሚቀመጠው። እሱ ያያል፣ እኔ እነዳለሁ።"

እዚያ አገር ሁሉም የሚያደርገው ነው። መኪናዎቹ መሪያቸው በቀኝ ሆኖ ይመጣሉ፣ መንገዱ ደግሞ በቀኝ ነው። ስለዚህ በግራ የተቀመጠው ሰው የሾፌሩ ዓይን ነው። "ነፃ ነው" ካለ ይታለፋል። "ቆይ" ካለ ይቆማል። ሰው ሚስት ሲመርጥ ይሳሳት ይሆናል፣ በግራ የሚያስቀምጠውን ሲመርጥ ግን አይሳሳትም። ነገሩ ከመለመዱ የተነሣ ማንም ሳይጠቅሰው ቀኑ ሊመሽ ነበር።

"ዛሬስ ምን አለህ?"

"'ነፃ ነው፣ ጠምዝዘው' አለኝ።"

"መኪናው ትናንት ማታ ማን ጋ ነበር?"

"እሱ ጋ። እኔ አሞኝ በጊዜ ገባሁ። እሱ ፓምፑ ጋ የረሳነውን መፍቻ ላመጣ ብሎ ቁልፉን ወሰደ። ጠዋት በሬ ላይ አምጥቶ አቆመልኝ።"

"የግራ መብራቱ መሰበሩን አላየህም?"

"እኔ በቀኝ ነው የምገባው። ደግሞ አቧራ ነበር።" ቆም አለ። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። "ለምንድን ነው የምትጠይቂኝ?"

"ዛፉ ሥር እስክመጣ አፍህን አትክፈት" አለችው።

ያላት ነገር ይህ ብቻ ነበር። ጥቁሩን ቅርጽ ነፋስ በልቶታል። ፎቶ የለም። ዋርሳሜ "አቧራ ጋርዶኝ ነው" ካለ ነገሩ ያከትማል። ከራሱ አፍ መስማት ነበረባት።

የሁለቱ ጎሣ ወንዶች ምንጣፍ ዘርግተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ከግንቡ ጥግ ናቸው። የሮብሌ ሚስት ዳሃቦ መሐላቸው ነች። አላለቀሰችም። ባሏ ማታ ሳይመጣ ሲቀር እንደ ሌላው ጊዜ ዘበኝነት ያደረ መስሏት በሯን ዘግታ ነው የተኛችው።

"ተነሥ ልጄ" አሉ ሐጂ ቢሌ። "አንድ ቃል ይበቃናል።"

ቱሙሲሜ ተነሣ። ዋርሳሜም ቃሉን ሊተረጉምለት አብሮት ቆመ። ቱሙሲሜ አፉን አልከፈተም። ሰዉ መተያየት ጀመረ።

"ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች ኡባህ ከኋላ እየመጣች። "ጥያቄ አለኝ። ለሾፌሩ አይደለም። በግራ ለተቀመጠው ነው።"

እዚያ ከተቀመጡት ወንዶች መኪና ያልነዳ የለም። ነገሩ ሳይብራራ ገባቸው። 

"ዋርሳሜ፣ ጉብታው ጋ ስትደርሱ ምን አልከው?"

"አቧራ ነበር፣ እህቴ።"

"አቧራ ሲሆን ምን ይባላል?"

"'ቆይ' ነው የሚባለው" አለ ሳይጠየቅ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር። "አላህ ያሳይህ፣ ሌላ ምን ይባላል?"

"አንተ ምን አልከው?"

ዋርሳሜ አንገቱን አከከ። "ነፃ ነው አልኩት።"

"እሺ። የተኛ ሰው የመኪና መብራት ይሰብራል? ኮፈን ያጎደጉዳል?"

"እኔ ሜካኒክ አይደለሁም።"

"ትናንት ማታ ቁልፉ ማን ጋ ነበር?"

"ማንም ይነግርሻል። እኔ ጋ ነበር።"

"ሬሳውን ስናነሣ ከሥሩ አሸዋ አልነበረም። ሁለት ፖሊሶች አብረውኝ አይተዋል። ነፋሱ የተነሣው ማታ ነው። ሮብሌ አሸዋው ከመምጣቱ በፊት እዚያ ተኝቷል። ያረፈው ደግሞ ወደ ቂብላ ዞሮ ነበር። መኪና መትቶ የጣለው ሰው መዳፉን ጉንጩ ሥር አስገብቶ፣ ቂብላውን ጠብቆ አይወድቅም። ማነው ማታውን ያስተኛው?"

ዋርሳሜ ቆቡን አወለቀ። ጨመቀው። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

"ገጨሁት" አለ።

ከወንዶቹ ግማሹ ብድግ አለ። ሐጂ ቢሌ በትራቸውን አነሡ፣ ሁሉም ተቀመጠ።

"ከጨው መጋዘኑ ጀርባ ወጣ። ወላሂ አላየሁትም። ወርጄ ሳየው ሮብሌ ነው። ከሰው ሁሉ ሮብሌ። ጭኜ ወስጄ የፓምፑ መንገድ ላይ አስተኛሁት፣ ጠዋት በዚያ የምናልፈው እኛ ብቻ ነን።" ወደ ማዶው ምንጣፍ አየ። "የአባቱን ወንድም የገደለው የኔ አጎት ነው። ታውቃላችሁ። ሮብሌን ዋርሳሜ ገጨው ሲባል ከናንተ ማነው 'ሳያውቅ ነው' የሚለው? አንድም ሰው የለም። በሳምንቱ የኔን ልጅ ትገድላላችሁ። እኛ ደግሞ የናንተን። ዴሬ ግን ጎሣ የለውም። እሱ ከገደለ አደጋ ነው፣ እኔ ከገደልኩ በቀል ነው። የሱ በካሣ ያልቃል። የኛ መቼ ያልቃል?"

 ውሸት ነው የሚል አልነበረም።

ቱሙሲሜ አሁንም ቆሟል። "ሻይ አመጣህልኝ" አለው። "እጄን ይዘህ 'እመን' አልከኝ። ሰው የገደልኩ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር መቀመጥ አልቻልኩም። አንተ ጎኔ ነበርክ።"

"ጎንህ ልሆን ነበር ያሰብኩት። እስክትሳፈር ድረስ።"

"እሱ አልገደለም" አለች ኡባህ ለሕዝቡ ጮክ ብላ። "መኪናው ሲሄድበት ሮብሌ ሞቶ ነበር። ሐኪሙ ያረጋገጠው ነው።"

ቱሙሲሜ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቶት የማያውቅ ከተማ አየው።

ሐጂ ቢሌ ጢማቸውን ሲደባብሱ ቆዩ። በመጨረሻ፣ "እንግዳህን ሸጥክ" አሉ። "ይህ ነውር ካንተ አልፎ ልጅህም ላይ ይቀራል። በኛ በኩል ግን አደጋ ነው። የሞተውን ሬሳ አክብረሃል። ዓይኑን ከድነሃል። ሰላሙን ነው ያሰብከው። እኔ..."

"ሐጂ፣ አልጨረስኩም" አለች ኡባህ።

ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። መፋቂያውን ከአፏ አወጣች።

"ዋርሳሜ፣ ስታስተኛው መሞቱን በምን አወቅህ?"

"አይንቀሳቀስም ነበር። ደሙ ከጭንቅላቱ ይፈስ ነበር።"

"ትንፋሹን አዳመጥክ?"

"እኔ... ቸኩዬ ነበር። ሰው እንዳያየኝ።"

"ሰውነቱስ?"

"ይሞቅ ነበር። በሐምሌ በርበራ ላይ ሬሳ መቼ ቀዝቅዞ ያውቃል? ድንጋዩም ይሞቃል።" ወደ ሰዉ ዞረ፣ የሚያግዘው እንደሚፈልግ። "ሬሳ አጥባችሁ የለ? መቼ ቀዝቅዞ ያውቃል?"

"ሐኪሙ ጉሮሮው ውስጥ አሸዋ አግኝቷል" አለች ኡባህ። "አፉ ላይ የገባ አቧራ አይደለም። ከጉሮሮው አልፎ ወደ ሳንባው የወረደ ነው። ሬሳ አሸዋ አይስብም። ነፋሱ ሲነሣ ሮብሌ ይተነፍስ ነበር። እስኪታፈን ድረስ ተንፍሷል።"

አንድ ሽማግሌ "ኢና ሊላሂ" ሲሉ ተሰማ። 

ሐጂ ቢሌ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። "የኔ ቤት ከጨው መጋዘኑ ፊት ለፊት ነው" አሉ። "በሬን ብታንኳኳ እኮ... እኔ ራሴ ሐኪም ቤት እወስደው ነበር። ካንተው ጋር፣ በዚያው መኪና።"  ቁጣ አልነበረም ፊታቸው ላይ። ያሰቡትን ይቅርታ የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ነው የሚመስሉት።

ዳሃቦ ከግንቡ ጥግ ተነሣች። ሴቶቹ ሊይዟት ሞከሩ፣ አልተያዘችም። በወንዶቹ መሐል አልፋ ዋርሳሜ ፊት ቆመች።

"ስታስተኛው ምንም አላለም?" አለችው።

ዋርሳሜ ቀና ብሎ አላያትም።

"የኔ ወንድም፣ እየጠየቅሁህ ነው። ምንም አላለም?"

"እንደ ማቃሰት ያለ ነገር ሰምቻለሁ" አለ። "ነፋሱ መስሎኝ ነው።"

ዳሃቦ ጥቂት አሰበች።

"ነፋሱ እኮ ገና አልተነሣም ነበር" አለችው።